«መለዋወጫ» የሚለው ስም ቀረጥ አይወስንም

በሶማሌ ተራ ሱቆች ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ፊውዝና አምፖል በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለሻጩም ለገዢውም ሁሉም የመኪና ዕቃ ናቸው። ጉምሩክ ሲደርሱ ግን እያንዳንዳቸው በየታሪፍ ቁጥራቸው ይለያያሉ። የብዙ አስመጪ ኪሳራ የሚጀምረውም በገበያው ስምና በታሪፉ ስም መካከል ባለው ክፍተት ነው።

እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት የታሪፍ መጽሐፍ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለውና በተለምዶ ኤች ኤስ ኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የዕቃዎች አመዳደብ ላይ ነው። በዚህ አመዳደብ የተሽከርካሪ መለዋወጫ በአንቀጽ 87.08 ይገኛል። ይሁን እንጂ የክፍል 17 ማስታወሻ የምዕራፍ 85 የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን «መለዋወጫ» ከሚለው ስም ያስወጣቸዋል። ስለዚህ ዕቃው ለመኪና ብቻ የተሠራ ቢሆንም እንኳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ በቅድሚያ የሚፈለገው በምዕራፍ 85 ነው።

በዚሁ መሠረት ካንዴላ፣ ሞተሪኖና ዲናሞ በ85.11፣ የፊት መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስና የመስታወት መጥረጊያ በ85.12፣ አምፖል በ85.39፣ ፊውዝ በ85.36፣ ባትሪ በ85.07 ይመደባሉ። ሙሉ የፊት መብራትና በውስጡ የሚገባው አምፖል ለየብቻ ሲመጡ አንቀጻቸው አንድ አይደለም። የመጥረጊያው ሞተርም ብቻውን ከመጣ በ85.01 ይታያል።

ጉዳዩ የቁጥር ጨዋታ እንዳልሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ዋጋው 1 ሚሊዮን ብር በሆነ ዕቃ ላይ የቀረጥ ልክ በ10 በመቶ ከፍ ቢል ቀረጡ ብቻ 100,000 ብር ይጨምራል። በዚህ ጭማሪ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደረብ 15,000 ብር፣ በድምሩ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታሰብ ደግሞ 11,500 ብር ይመጣል። በጠቅላላው 126,500 ብር ማለት ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ኋላ ከሽያጭ ቢካካስም ገንዘቡ የሚወጣው አስቀድሞ ነው። ክርክሩ እስኪያልቅ ዕቃው በደረቅ ወደብ ሲቆይ የመጋዘን ኪራዩም ይቆጥራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በዶላር ዋጋው ያልተለወጠ ዕቃ ቀረጥ የሚሰላበት የብር መጠን ከእጥፍ በላይ አድጓል። የአንድ ቁጥር ስህተት ዱሮ ከነበረው የበለጠ ያስከፍላል።

እንዲህ ያለ ችግር ሲደርስ ጥፋቱን በትራንዚተሩ ላይ መጣል የተለመደ ነው። ይሁንና ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮን የሚሞላው በተሰጠው ሰነድ ነው። ኢንቮይሱ «የመኪና መለዋወጫ» ብሎ በጅምላ ካለፈው፣ ቀሪው ግምት ይሆናል። ፈታሹ ካርቶኑን ከፍቶ ሌላ ነገር ቢያገኝ ሊገርም አይገባም። መፍትሔው ከግዢው በፊት ነው። አስመጪው ፕሮፎርማ ሲቀበል እያንዳንዱ ዕቃ በስሙ፣ በሥራውና በብዛቱ ተዘርዝሮ እንዲጻፍ መጠየቅ፣ የዋጋ ስሌቱንም በዚያው ቁጥር መሥራት ይኖርበታል።

ሸክሙን ሁሉ ለነጋዴው መተው ግን ፍትሐዊ አይሆንም። አንድ ዓይነት አምፖል በአንዱ ጣቢያ እንደ አምፖል፣ በሌላው እንደ ሙሉ መብራት ከታየ በትክክል ያስመዘገበው ነጋዴ በዋጋ ተሸንፎ ከገበያ ይወጣል። የጉምሩክ ኮሚሽን አከራካሪ በሆኑ ዕቃዎች ላይ የሚሰጣቸውን የታሪፍ ውሳኔዎች ሁሉም ነጋዴ በቀላሉ እንዲያገኛቸው አድርጎ ቢያወጣ ክርክሩ ይቀንሳል፣ መንግሥትም ገቢውን በጊዜው ይሰበስባል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ በእጅ ያሉት መኪኖች ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት ግድ ይላቸዋል። የዕቃው ፍላጎት ይኖራል፤ በቁጥር ስህተት የሚከፈለው ብርም ዞሮ ዞሮ በባለመኪናው ላይ ያርፋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ የዕቃው ትክክለኛ ስም መፈለግ ያለበት መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ነው።