አፈሳ ሱስ አያድንም

በአዲስ አበባ ዓመት በመጣ ቁጥር የምናየው ነው። ፖሊስ ሺሻ ቤቶችን ይፈትሻል፤ ወጣቶች ፊታቸውን በጃኬት ሸፍነው መኪና ላይ ይጫናሉ፤ የተያዘው የሺሻ ዕቃ ሜዳ ላይ ተከምሮ ይቃጠላል። ማታ በዜና ይህን ያህል ዕቃ ተወገደ፣ ይህን ያህል ሰው ተያዘ ይባላል። ስንቱ ከሱሱ እንደተላቀቀ የሚጠይቅ የለም።

ለዘመቻው የሚያጨበጭበውን ጎረቤት አልወቅስም። ከጫት ቤት አጥር ሥር ልጅ የምታሳድግ እናት፣ ስልኩን የተነጠቀ ተማሪ ብሶታቸው እውነት ነው። ሕግም አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ የሚያዘዋውረውን በጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ይቅጣም። እኔን የሚያንገበግበኝ በሽተኛውንና ነጋዴውን በአንድ መኪና የሚጭነው አሠራር ነው።

አፈሳ እጁ የሚደርሰው ዓይን ያየው ላይ ነው። አውቶቡስ ተራ አካባቢ በላስቲክ ማስቲሽ የሚስበው ልጅ ይታያል፤ ደንዝዟልና ሮጦም አያመልጥም። ማስቲሹ ግን የጫማ ማጣበቂያ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ በግልጽ ይሸጣል። አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ያለው ቶሉይን የተባለ ኬሚካል አንጎል ይጎዳል፤ ልጁ ግን የሚስበው ረሃቡንና ብርዱን ለመርሳት ነው። ዛሬ ከመንገድ ቢያነሱት፣ ሲመለስ ረሃቡም ብርዱም እዚያው ይጠብቁታል።

እስሩም የራሱ አደጋ አለው። ለዓመታት አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲቋረጥበት ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱን በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል፤ ከዚያ የሚቃዥም አለ፤ ካልታከመ ሊሞት ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ሐኪም ያላየው ሱሰኛ ግን ዳኛ ፊት ሳይደርስ ሕመሙ ሊቀድመው ይችላል። በየፖሊስ ጣቢያው ተጠርቶ የሚመጣ የጤና ባለሙያ ሊኖር የሚገባው ለዚህ ነው።

ቤተሰብስ ወዴት ይሂድ? በከተማችን ሱስ ሲነሳ የአብዛኛው ሰው አፍ ላይ የሚመጣው አማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ ካልሆነ ጠበል። ለሚሊዮኖች ከተማ ይህ አይበቃም። ልጄ ሱስ ይዞታል ማለት ደግሞ ልጄን እሰሩት ማለት እየመሰለ፣ እናት ገመናዋን ጓዳ ትደብቃለች፤ ሱሱ የሚታወቀው ልጁ የቤቱን ዕቃ ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ነው። አፈሳው ሱሱን ከመንገድ አንስቶ ጓዳ አስገባው እንጂ አላጠፋውም።

ስለዚህ የፖሊስ ጉልበት አከፋፋዩ ላይ ይዋል፤ ተጠቃሚው ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ጤና ጣቢያውም በሱስ ሕክምና የሠለጠነ ባለሙያ ይኑረው። ዜናውም ከተቃጠለው ሺሻ ይልቅ ታክሞ የተመለሰውን ይቁጠር።

የእኛም ድርሻ አለ። ሱስ የያዘው ልጅ ሲሞት እድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሦስት ቀን ከእናቱ ጋር ይቀመጣል። በሕይወት ሳለ ግን ስሙን የምናነሳው ለጥቆማ ነው። ለቀብሩ ያላነሰ መዋጮ ለሕክምናው አይጠፋም። እናቱን አጽናኝ ሆነን ከመሄዳችን በፊት፣ ልጇን ይዘን ሐኪም ቤት እንሂድላት።