ጌታ የሌለው ውሻ

በዲላ ዙሪያ፥ በጌዴኦ ምድር፥ የገበሬ ቤት ብዙውን ጊዜ በእንሰትና በቡና ተከቦ በዛፍ ጥላ ሥር ተሠርቶ ይገኛል። በዚያም ጥላ ውስጥ ሌሊት ጃርት መጥቶ የእንሰቱን ሥር ይቈፍራል፤ ከርከሮም ገብቶ ተክሉን ይገለብጣል፤ ጅብም በበረቱ ዙሪያ ይዞራል። የቤቱ ሰው ቀን ሲሠራ ውሎ ደክሞ በተኛ ጊዜ ነቅቶ የሚጠብቅ ውሻ ነው። ስለዚህም አባቶች፥ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለው ተናገሩ። ይህ ቃል ስለ ውሻው ታማኝነት የተነገረ ይመስላል፤ ደኅና አድርጎ ለሚያስብ ሰው ግን ስለ ጌታውም የተነገረ ነው። ውሻ በበላበት የሚጮኽ ከሆነ፥ ባልበላበት ቤት ለምን ይጮኻል?

ሰውና ውሻ የተዋዋሉት ውል እጅግ የቆየ ነው። ሊቃውንት መርምረው እንዳስረዱት፥ ውሻ የተገኘው ከተኵላ ነው፤ ከሰው ጋራ መኖር ከጀመረም ከ10,000 ዓመት ይበልጠዋል። የውሉም ነገር አጭር ነው። ሰው ለውሻ መብልና ማደሪያ ይሰጣል፤ ውሻም ለሰው ይጠብቃል፥ ይታዘዛል። ነገር ግን በውሻው ውስጥ ያለው የተኵላ ጠባይ ፈጽሞ አልሞተም፤ ተኝቷል እንጂ። ጌታው ውሉን ባፈረሰ ጊዜ ይነቃል።

መብል ያጣ ውሻ በአንድ ቀን አይከፋም። አስቀድሞ በደጅ ቆሞ የጌታውን እጅ ያያል። ምንም ባላገኘ ጊዜ ወደ ጎረቤት ደጅ ይሄዳል፤ ከዚያም በድንጋይ ይባረራል። ኋላ ወደ ገበያና ከብት ወደሚታረድበት ስፍራ ወርዶ የተጣለውን ይለቅማል። በዚያም እንደ እርሱ የተራቡትን ያገኛል። ብቻውን ሲሆን የሚፈራ ውሻ፥ ባልንጀሮች ባገኘ ጊዜ ይደፍራል፤ ዶሮ ይነጥቃል፥ የፍየል ግልገል ይጥላል። የትናንት ጠባቂ የዛሬ ሌባ ሆነ ማለት ነው። ከእነዚህም የሚወለዱት ቡችሎች በመጀመሪያዎቹ ወራት የሰው እጅ ስለማይለምዱ፥ ባደጉ ጊዜ ሰውን ይሸሻሉ፤ እንደ አውሬም ይኖራሉ።

ምናልባት አንድ ሰው፥ «ውሻን የሚያከፋው ዱር ነው» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ዳርቻ አላስካ የሚባል አገር አለ። ክረምቱ እጅግ ብርድ ነው፤ ምድሩም በበረዶ ይሸፈናል። በዚያ አገር ያሉ ውሾች ጠጕራቸው ወፍራም ነው፤ በሌሊትም በበረዶው ውስጥ ተጠቅልለው አፍንጫቸውን በጅራታቸው ሸፍነው ያድራሉ። ሰዎች መንኰራኵር የሌለው፥ በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ ሠርተው በእነርሱ ያስጐትታሉ።

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1925 ዓ.ም. በዚያ አገር፥ ኖም በምትባል ከተማ፥ ጕሮሮን የሚዘጋ ዲፍቴሪያ የሚባል በሽታ ገብቶ ሕፃናትን ይገድል ጀመር። መድኃኒቱ ያለው በሩቅ ነበር፤ መንገዱም በበረዶ ተዘግቶ ነበር። የምድር ባቡር ከሚደርስበት ስፍራ እስከ ኖም 1,085 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን መንገድ 20 ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች እየተቀባበሉ ስድስት ቀን ሳይሞላ ፈጽመው መድኃኒቱን አደረሱ። ከውሾቹም ቶጎና ባልቶ የሚባሉት ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል። እነዚያ ውሾች በምድረ በዳ ውስጥ ሳሉ አውሬ አልሆኑም። ስለ ምን? የሚመግባቸውና የሚመራቸው ጌታ ስለ ነበራቸው ነው።

ስለዚያው ሰሜን አገር ጃክ ለንደን የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1903 ዓ.ም. «የዱር ጥሪ» የሚል ታሪክ ጽፎ አሳተመ። በታሪኩ ባክ የሚባል የቤት ውሻ ከሞቃት አገር ተሰርቆ ወደ ሰሜን ይወሰዳል፤ የሚወደው ጌታው በሞተ ጊዜም ከተኵላዎች ጋራ ይቀላቀላል። አንባቢ የውሻውን ብርታት ያደንቃል፤ ማድነቁም አይነቀፍም። ነገር ግን የሰሜኑ ምድር እጅግ ሰፊ ነው፤ ተኵላውም ብዙ ነው። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ጌታ የሌለው ውሻ ወደ ዱር በገባ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው።

ከዲላ በስተምሥራቅ፥ ከጉጂ ምድር ማዶ፥ የባሌ ተራሮች ይገኛሉ። በዚያ ብርዳም ደጋ ቀይ ቀበሮ የሚባል አውሬ ይኖራል። ጠጕሩ ቀይ፥ ደረቱና እግሩ ነጣ ያለ፥ አፉ ሾጣጣ ነው። የሚበላውም በይበልጥ ፍልፈልና አይጥ ነው። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ሁሉ የትም አይገኝም። በባሌ፥ በሰሜን ተራሮችና በሌሎችም ጥቂት ደጋዎች ያሉት ጐልማሶች ሁሉ ቢቈጠሩ ከ500 ያንሳሉ፤ ከግማሽ የሚበልጡትም በባሌ ያሉት ናቸው።

እረኞች ከብታቸውን ወደ ደጋው ሲያወጡ ውሾቻቸውን ያስከትላሉ፤ ከብቱን ከጅብና ከነብር ይጠብቁላቸዋልና። ከውሾቹም ብዙዎቹ በቂ መብል ስለማያገኙ በየሜዳው እየዞሩ የሚበላ ይፈልጋሉ። በዚያም ከቀይ ቀበሮ ጋራ ይገናኛሉ። አንዳንድ ጊዜ ይዋለዳሉ፤ ዘሩም ይደባለቃል። ከዚህ የሚከፋው ግን በሽታ ነው። በ1991፥ በ2003፥ በ2008 እና በ2014 ዓ.ም.፥ ሁሉም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር፥ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ቀበሮዎች ላይ ወረደ። በ2003 ዓ.ም. በተነሣው በሽታ፥ ዌብ በሚባለው ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስት እጅ የሚሆኑት አለቁ። በሽታውን ወደ ቀበሮዎቹ የሚያደርሰው ውሻ ነው። ብዙ ሺሕ ዓመት በብርድ የጸና አውሬ፥ ክትባት ባልተሰጠው ውሻ ንክሻ በጥቂት ወር አለቀ ማለት ነው።

ይህ በሽታ ቀበሮን ብቻ አይገድልም፤ ሰውንም ይገድላል። በሽታው በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ሳይታይ ግን መከላከል ይቻላል። ሉዊ ፓስተር የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. እብድ ውሻ የነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ባዘጋጀው ክትባት አዳነ። ዛሬም ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ሊያጥብ፥ በዚያውም ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሊሄድ ይገባዋል። ቍስሉ ትንሽ ነው ብሎ የሚዘገይ፥ እናቱንም ፈርቶ የሚደብቅ ልጅ፥ ሕይወቱን በከንቱ ለሞት ያስይዛል።

ስለዚህ ነገር ሰዎች ልዩ ልዩ አሳብ ይሰጣሉ። አንዱ፥ «ውሻ እንስሳ ነው፤ ራሱን ይመግብ» ይላል። ውሻ ግን ራሱን የሚመግበው ከሰው ዶሮና ከሰው ግልገል ወይም ከዱር ነው፤ ዋጋውንም ሌላ ሰው ይከፍላል። ሁለተኛው፥ «የባዘነውን ሁሉ መግደል ነው» ይላል። ነገር ግን ጌቶቹ ጠባያቸውን ካልለወጡ በሞተው ፈንታ ሌላው ይባዝናል፤ ሥሩ ያልተነቀለ አረም ቢያጭዱት መልሶ ይበቅላል። የጤና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከመቶው 70 ቢከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቈረጣል። በባሌም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የገበሬዎቹን ውሾች መከተብ ተጀምሯል፤ በዚያው አቈጣጠር በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ክትባቱን በሥጋ ውስጥ አድርጎ ለቀበሮዎቹ መስጠት ተጨመረ።

ሦስተኛው ድኻ ነው፤ «ለልጆቼ ያልበቃ መብል ለውሻ ከየት ይመጣል?» ይላል። ይህ ቃል ሊናቅ አይገባውም፤ እውነት ነውና። መልሱ ግን ቀላል ነው። ሦስት ለመመገብ የማይችል አንድ ያኑር፤ አንድም ለመመገብ የማይችል ከጎረቤቱ ጋራ አንዱን በኅብረት ያኑር፤ ቡችሎችንም ወደ ገበያ ዳር አይጣል። በራብ የሚኖሩ ሦስት ውሾች አጥር አይጠብቁም፤ የጠገበ አንድ ውሻ ግን ይጠብቃል። «ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል» የተባለውም በውሻ ላይ ይፈጸማል፤ ክፉ አያያዝ መልካሙን ውሻ ያበላሸዋልና።

ይህን ለመፈጸም ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም። ከቆጮውና ከጐመኑ የተረፈውን ወደ ቈሻሻ ከመጣል ወደ ውሻው ገበታ የሚያደርስ ልጅ ነው። ውሃውን የሚለውጥ፥ ክትባት የሚሰጥበት ቀን በመንደሩ በተነገረ ጊዜም ውሻውን በገመድ አስሮ የሚያቀርብ ልጅ ነው። ያልበደለውን ውሻ በድንጋይ ከመምታት እጁን የሚሰበስብም ልጅ ነው። እንዲህ ያደረገ ልጅ የአባቱን እንሰት ያስጠብቃል፤ የጎረቤቱን ግልገል ከመነጠቅ ያድናል፤ ታናሽ ወንድሙንም ከክፉ ሞት ይጋርዳል። እረኛ የሆነ ልጅ ደግሞ በደጋው ያለው ቀይ ቀበሮ ዘሩ እንዳይጠፋ ይረዳል።

ውሻ ጌታውን አይመርጥም፤ ጌታ ግን ውሻውን መርጦ ወደ ቤቱ ያስገባል። ስለዚህ ውሻ ባዝኖ ጥፋት ባደረገ ጊዜ ሊጠየቅ የሚገባው፥ አስቀድሞ ያመጣውና ኋላ የረሳው ሰው ነው።