የችግኝ ትሪው አፈር፦ ከረጢቱን ሳይሆን የደረሰውን ችግኝ ቁጠሩ

ጓሮ ላለውም በረንዳ ብቻ ላለውም ቤተሰብ አትክልት ማብቀል ለመጀመር ቀላሉ መንገድ የችግኝ ትሪ ነው። ባለ 72፣ ባለ 128 ወይም ባለ 200 ጉድጓድ የፕላስቲክ ትሪ የበረንዳ ጥግ ይበቃዋል። እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ዘር ይይዛል፤ ችግኙ ሲደርስ ሥሩ ሳይጎዳ ከነአፈሩ ወጥቶ ይተከላል። ክረምቱ ሊሰናበት ሲል፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተዘራ ሰላጣ ወይም ጥቅል ጎመን መስቀል ካለፈ በኋላ ለመተከል ይደርሳል።

ጥያቄው የሚመጣው ትሪው ከተገዛ በኋላ ነው። ምን ይሞላበት? የጓሮ አፈር በነጻ አለ። ከወጥ ቤት ተረፈ ምርት የተሠራ ኮምፖስት ያላቸውም አሉ። ከውጭ የሚገቡት ኮኮፒትና ፒት ሞስ ደግሞ አምረው ታሽገው መደርደሪያ ላይ ይጠብቁናል። እንጀራዬ ማርኬቲንግ ነውና ማሸጊያ ገዢን ምን ያህል እንደሚያሳምን አውቃለሁ፤ ውዱ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ለችግኝ ግን መለኪያው ሌላ ነው።

ዘር ስንቁን ይዞ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች እስኪከፈቱ ድረስ በውስጡ ያለውን ይመገባል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአፈሩ የሚፈልገው ምግብ ሳይሆን እርጥበትና አየር ነው። ሁለቱን አብሮ የሚይዝ ድብልቅ ጥሩ የችግኝ አፈር ነው፤ ከየት እንደመጣና በስንት እንደተሸጠ ከዚያ በኋላ የሚታይ ጉዳይ ነው።

የጓሮ አፈር ብቻውን የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር ማሳ ላይ ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል፤ እዚያ ውኃው ወደ ታች የሚሰርግበት ጥልቀት አለው። የትሪ ጉድጓድ ግን ቢጠልቅ አምስት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ አጭር ዕቃ ውስጥ ከታች ቀዳዳ ቢኖርም ውኃው ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ የታችኛው ክፍል እንደራሰ ይቀራል። አፈሩ ደቃቅ ሲሆን ደግሞ ሥሩ አየር ያጣል። ውጤቱን ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። ትናንት ቀጥ ብሎ የነበረው ችግኝ ዛሬ ጠዋት ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጥኖ ተጋድሞ ይገኛል። ይህ በራሰ አፈር ውስጥ የሚበረታ ሻጋታ መሰል በሽታ ነው፤ አንዴ የወደቀ ችግኝ ደግሞ አይነሳም። ብዙዎች «ለእኔ አይበቅልልኝም» ብለው ትሪውን የሚጥሉት በዚህ ጊዜ ነው።

ገበያ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

ኮኮፒት ከኮኮናት ፍሬ የውጭ ልባስ የሚገኝ ደቃቅ ነው። እንደ ጡብ ተጨምቆ ይሸጣል፤ ውኃ ሲጠጣ በብዙ እጥፍ ያብጣል። ውኃም አየርም ይይዛል፤ ምግብ ግን የለውም ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ጨው ስለሚኖረው ካበጠ በኋላ በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ ማጥለል ጥሩ ነው።

ፒት ሞስ በቀዝቃዛ አገሮች ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት ነው። ቀላል ነው፤ ውኃም ይይዛል። በተፈጥሮው አሲዳማ ስለሆነ ኖራ የተጨመረበት መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ጨርሶ ከደረቀም ውኃ መልሶ መቀበል ያስቸግረዋል።

ኮምፖስት ምግብ አለው። ያልበሰለ ከሆነ ግን ለጋ ሥር ይጎዳል። የበሰለ ኮምፖስት ጥቁር ቡናማ ነው፣ ዝናብ ያገኘው መሬት ይሸታል፣ ከምን እንደተሠራም አያስታውቅም። ብስለቱ ጥሩ ቢሆንም ብቻውን ለዘር ይከብዳል።

ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቢሾፍቱን በመሰሉ አካባቢዎች በብዛት አለ። ነፍታችሁ አቧራውን ካስወገዳችሁለት የሩዝ ፍሬ የሚያህለው ጠጠር ውኃ ያሳልፋል፤ በመሃሉም አየር ይይዛል።

ለትሪ የሚሆን አንድ ድብልቅ ይኸውና፦ ሁለት እጅ ኮኮፒት፣ አንድ እጅ የበሰለና የተነፋ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ የተነፋ ሬድ አሽ። ከውጭ የገባ ነገር ሳይጨመር ለመሥራት ደግሞ ሦስት እጅ ቀለል ያለ የላይ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስትና አንድ እጅ አሸዋ መቀላቀል ይቻላል። ይህኛው ከጠባብ ትሪ ይልቅ ሰፋ ባለ ዕቃ የተሻለ ይሠራል።

ድብልቁን አርጥባችሁ ጨብጡት። ውኃ ጠብ ጠብ ካለ በዝቶበታል። እጃችሁን ስትከፍቱ ወዲያው ከተበተነ ደርቋል። ቅርጹን ይዞ ቆይቶ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ልክ ነው።

የትኛው ለእናንተ ቤት እንደሚበጅ ለማወቅ ግን ከልጆች ጋር መሞከር ይሻላል። የትሪውን ረድፎች አራት ቦታ ክፈሉ። አንዱን በጓሮ አፈር፣ ሁለተኛውን በኮምፖስት፣ ሦስተኛውን በኮኮፒት፣ አራተኛውን በድብልቁ ሙሉ። ከአንድ ፓኬት የወጣ የሰላጣ ዘር በአንድ ቀን ዝሩ። ሰላጣ ለመብቀል ብርሃን ስለሚወድ በጣም በስሱ ብቻ ሸፍኑት። ጠዋት ጠዋት በደቃቅ ማጠጫ ለሁሉም እኩል አጠጡ። በሳምንት ውስጥ ብቅ ማለት ይጀምራል። እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ የኮኮፒቱ ረድፍ ይራባል፤ ከዚያ ጀምሮ በውኃ የቀጠነ ማዳበሪያ ይፈልጋል።

ልጆቹ በ10ኛው ቀን የበቀለውን፣ በአራተኛው ሳምንት ደግሞ ለመተከል የደረሰውን ቆጥረው ይመዝግቡ። ሒሳቡ የሚሠራው በሁለተኛው ቁጥር ነው። የአፈሩንና የዘሩን ወጪ ደምራችሁ በደረሱት ችግኞች አካፍሉ። እንበልና አንደኛው ትሪ 300 ብር ፈጅቶ 30 ችግኝ ቢሰጥ አንዱ ችግኝ 10 ብር ወጣበት ማለት ነው። ሌላው 400 ብር ፈጅቶ 80 ቢሰጥ ግን አንዱ 5 ብር ብቻ ነው።

ይህ ስሌት ለውዱም ለርካሹም አያዳላም። ዘሩ ውድ ሲሆን፣ ለምሳሌ ዲቃላ የቃሪያ ወይም የቲማቲም ዘር ሲሆን፣ ጥሩ አፈር ላይ የወጣው ገንዘብ ይመለሳል። ለጎመን ግን የቤቱ ኮምፖስትና ጥቂት ጠጠር የኮኮፒቱን ወጪ ሊያስቀሩላችሁ ይችላሉ። ቁጥሩን ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት፤ በሚቀጥለው ዙር ወደ ሱቅ የምትሄዱት እሱን አይታችሁ ይሁን።