የቧንቧዋ ላስቲክ የማን ሥራ ናት?

ስለ ቧንቧ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ስለ ውሃው ነው። ውሃ ጠፋ፣ ውሃ መጣ እንላለን። ውሃው ደጃችን ከደረሰ በኋላ የሚለቀውንና የሚይዘውን መሣሪያ ግን የምናስታውሰው የተበላሸ ዕለት ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማቅረብ የምንወደው አስተያየት አጭር ነው። ቧንቧ ሲመረጥ ከመልኩና ከዋጋው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ሲበላሽ ማን፣ በምን መለዋወጫ ይጠግነዋል የሚለው ነው። ይህ ለአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሚክሰር እንደሚሠራ ሁሉ በጋምቤላ ክልል ለሚገኘው ለጀዊም ይሠራል። እንዲያውም የነገሩ ክብደት ይበልጥ የሚታየው በጀዊ ነው።

ላስቲክና ሴራሚክ

ተራው ቧንቧ እጅግ ቀላል መሣሪያ ነው። እጀታው ሲዞር ጥርስ ያለው ዘንግ ይወርድና በጫፉ ላይ ያለችውን ክብ ላስቲክ በናስ መቀመጫዋ ላይ ይጫናታል፤ ውሃውም ይቆማል። ላስቲኳ ስትደርቅ ወይም ስትበላ ቧንቧው መንጠባጠብ ይጀምራል። ባለቤቱ እጀታውን ይበልጥ ሲያጠብቅ ላስቲኳ ይበልጥ ትጎዳለች።

ባለ አንድ እጀታው ሚክሰር የሚሠራው በሌላ ዘዴ ነው። አልፍሬድ ሞን የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1937 ከባለ ሁለት እጀታ ቧንቧ በወጣ ሙቅ ውሃ እጁ በመቃጠሉ ስለ ባለ አንድ እጀታ ቧንቧ ማሰብ እንደ ጀመረ ይነገራል። ዛሬ በገበያ በሚገኘው ዓይነት ውስጥ ካርትሪጅ የሚባል ክፍል አለ፤ በእርሱም ውስጥ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ የተሠሩና በጣም የለሰለሱ ሁለት የሴራሚክ ዝርግ ክቦች ይገኛሉ። አንደኛው ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሌላው በላዩ ይንሸራተታል። እጀታው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል የውሃው መጠን፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲል የሙቁና የቀዝቃዛው ድርሻ ይለወጣል።

ሴራሚክ ከላስቲክ እጅግ ይጠነክራል። ጠላቱ ግን አሸዋ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ መስመሩ ባዶ ሆኖ ይቆይና ውሃው ሲመለስ ዝገትና ደለል ጠርጎ ይዞ ይመጣል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በሁለቱ ክቦች መካከል ከገባች የለሰለሰውን ገጽ ትጭረዋለች። ስለዚህ ከሚክሰሩ በፊት ወንፊት ያለው መዝጊያ ቫልቭ ማስገባት፣ ውሃው ሲመለስም ሚክሰሩን ከመክፈት በፊት በሌላ ተራ ቧንቧ ጥቂት ማፍሰስ ይገባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ግፊት ነው። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት ወደ 1 ባር ይጠጋል። ከቧንቧው ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ቀዝቃዛው ከመንገድ መስመር፣ ሙቁ ደግሞ በሮቶ ከሚሞላ ቦይለር የሚመጣ ከሆነ ብርቱው ደካማውን ይገፋዋል፤ ባለቤቱም ሚክሰሩ ተበላሸ ይላል። መፍትሔው ሁለቱንም ከአንድ ምንጭ ማስቀዳት ነው።

በሚገዙበትም ጊዜ በእጅዎ ይመዝኑት። ከናስ የተሠራው ይከብዳል፤ ከዚንክ ቅይጥ ወይም ከፕላስቲክ ተሠርቶ በክሮም የተለበጠው ይቀላል። የካርትሪጁንም ስፋት ይጠይቁ፤ በብዛት የሚገኙት ባለ 35 እና ባለ 40 ሚሊ ሜትር ናቸው። መለዋወጫው በከተማዎ ከሌለ ያማረው ሚክሰር የአንድ ጊዜ ዕቃ ነው። እንደ ድሬዳዋ ውሃው ኖራ በሚበዛበት ስፍራ ደግሞ በቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት አልፎ አልፎ ፈትቶ በኮምጣጤ መዘፍዘፍ ይበጃል፤ አሲዱ ካልሲየም ካርቦኔቱን ያሟሟዋል።

በበጋ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚጠጋበት በጋምቤላ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ፀሐይ ያገኘው መስመር ራሱ ለብ ያለ ውሃ ለሚሰጠው ቤት ሚክሰር ምን ያደርግለታል? በአንድ ላስቲክ የሚጠገን ጥሩ የናስ ቧንቧ ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት የተሻለ ምርጫ ይመስለናል።

ጀዊና የቦኖው ሒሳብ

በደቡብ ሱዳን በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ ተሰደደ። በ2006 ዓ.ም. ክረምት የሌችዎርና የኒፕኒፕ መጠለያዎች በጎርፍ በመጥለቅለቃቸው ለስደተኞቹ ሌላ ስፍራ ተፈለገ፤ ጀዊም በ2007 ዓ.ም. ተከፈተ። በእንዲህ ዓይነቱ ስፍራ ቧንቧ ማለት ቦኖ ነው፤ የጋራ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር፣ ለአንድ ቧንቧም ከ100 ያልበለጠ ሰው ይላል። አንባቢ እስክሪብቶ ይዞ አብሮን ያስላ። ስድስት ቧንቧ ያለው ቦኖ 600 ሰው ያገለግላል እንበል። እያንዳንዱ ቧንቧ በቀን 2,000 ሊትር፣ ማለትም 100 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሙላት አለበት። በየጀሪካኑ አንድ ጊዜ ቢከፈትና ቢዘጋ በዓመት 36,500 ጊዜ ይሆናል። በደቂቃ 7.5 ሊትር ቢያወርድ ለ2,000 ሊትር 267 ደቂቃ ይፈጅበታል። አንዱ ቢበላሽ በቀሩት አምስት ላይ የሚወድቀው ሥራ 320 ደቂቃ፣ ሁለት ቢበላሹ 400 ደቂቃ ይሆናል። ከአራት ሰዓት ተኩል የማይሞላው የመቅጃ ጊዜ ከስድስት ሰዓት ተኩል አለፈ ማለት ነው። በሰልፉ ላይ የምትቆመው በአብዛኛው ሴት ናት፤ ብዙ ጊዜም በትምህርት ቤት መገኘት የሚገባት ልጅ ናት። ያቺን ልጅ ከክፍል የምታስቀረው ላስቲክ ከአንድ ደብተር የምትወደድ አይደለችም።

የሚንጠባጠበውንም እናስላ። በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን 86,400 ጠብታ ነው። ጠብታ የሚወድቀው ክብደቱ የገጽ ውጥረትን ሲያሸንፍ ነውና አፉ ሰፊ ከሆነ ጠብታውም ይተልቃል። በቤተ ሙከራ ጠብታ መለኪያ ሒሳብ፣ ማለትም በ0.05 ሚሊ ሊትር፣ 4.3 ሊትር ይሆናል። ለቤት ቧንቧ ብዙ ጊዜ በሚወሰደው በ0.25 ሚሊ ሊትር ግምት ግን 21.6 ሊትር ይደርሳል። ይህ ከአንድ ስደተኛ የቀን ድርሻ ይበልጣል።

ራሱን የሚዘጋ ቧንቧ ይተከል የሚሉ አሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጀሪካኑ እስኪሞላ እጀታውን ተጭኖ መቆም ሲያሰለች ሰው በገመድ ያስረዋል፣ ስፕሪንጉም ቶሎ ይደክማል። መለዋወጫው ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ብልሃቱ ራሱ ችግር ይሆናል።

ምን ይደረግ?

በዚያው በጋምቤላ ክልል በኢታንግ፣ ከባሮ ወንዝ አጠገብ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚሳበው ውሃ ለከተማው ነዋሪና ለስደተኛው በአንድነት እንዲዳረስ፣ አስተዳደሩም በአንድ የውሃ አገልግሎት ድርጅት እንዲያዝ መደረጉ ትክክለኛ አካሄድ ነው። ኃላፊው ሲታወቅ የላስቲኳም ባለቤት ይታወቃልና። በዚህ ላይ ሦስት ነገሮች እንዲጨመሩ እናሳስባለን። በአንድ አካባቢ የሚተከሉ ቦኖዎች ሁሉ ቧንቧቸው አንድ ዓይነት ይሁን። ቦኖ ሲሠራ የሦስት ዓመት መለዋወጫ አብሮ ይገዛ። ከተጠቃሚዎቹ መካከል ቢያንስ ሁለት ሴቶች ጥገና ይሠልጥኑ፤ ቧንቧው ሲበላሽ ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ተማሪዎችም ከዚህ ሥራ ድርሻ አላችሁ። በግቢያችሁ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ፈልጉ። የመለኪያ ሲሊንደር ከሥሩ አስቀምጡና ለአሥር ደቂቃ ያህል ያዙ፤ ውጤቱን በ144 አባዙት፤ የአንድ ቀኑን ታገኛላችሁ። ቁጥሩን ለግቢው ጥገና ክፍል በጽሑፍ አቅርቡ፤ የምትለወጠውን ላስቲክ ልክም ጨምራችሁ ጻፉ።