ላም አለኝ በሰማይ

ሙዚቀኛ የላቡን ዋጋ ማግኘት የለበትም የሚል ሰው ካለ፣ እኔ ከእርሱ ጋር አልቆምም። ዜማ የደረሰ፣ ግጥም የገጠመ፣ የዘፈነና መሣሪያ የተጫወተ ሁሉ ሥራው የሌላው መነገጃ በሆነ ቁጥር ድርሻው ሊደርሰው ይገባል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በታች የምሰነዝረውን ወቀሳ አንብቦ «ይኼ ሰው የሌባ ጠበቃ ነው» የሚለኝ እንዳይኖር ነው። ወቀሳዬ ሌላ ነው። በቅጂ መብት ስም የሚነግዱ ኩባንያዎች የአንድን ትውልድ የቴሌቪዥን ሥራ በመጋዘን ቆልፈው፣ ሙዚቀኛው ሳይጠቀም፣ ተመልካቹም ሳያይ፣ ሥራው አቧራ ሲጠጣ እንዲኖር አድርገዋል ነው የምለው። መጋዘኑን ሲከፍቱም የሚያወጡልን ብዙ ጊዜ ያንኑ ያስገቡትን ሥራ አይደለም።

ነገሩ የአሜሪካ ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታትም፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከ1978 እስከ 1982 ሲ.ቢ.ኤስ. በተባለው ጣቢያ «ደብሊው ኬ አር ፒ ኢን ሲንሲናቲ» የሚል አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ይታይ ነበር። ታሪኩ አድማጭ ስለራቀው አንድ የራዲዮ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ለስላሳ የአዛውንት ሙዚቃ ሲያሰማ ኖሮ፣ አዲስ የፕሮግራም ኃላፊ ይመጣና በአንድ ጊዜ ወደ ሮክ ይለውጠዋል። እንግዲህ እንዲህ ካለ ድራማ ውስጥ ዘፈኑ ቢወጣ ምን ይቀራል? አዘጋጆቹ ይህን ስለሚያውቁ የዘመኑን እውነተኛ ዘፈኖች ነበር ያስገቡት። በፊልም መቅረጹን ትተው በቪዲዮ ቴፕ የቀረጹትም በቴፕ ለሚቀረጽ ፕሮግራም የዘፈን ፈቃዱ ዋጋ ረከስ ይል ስለነበር ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ድራማ በ2007 በዲቪዲ ሲወጣ የገዛው ሰው ያገኘው ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ ዘፈኖች ወጥተው ማንም በማያውቃቸው የማሟያ ሙዚቃዎች ተተክተዋል። በአንደኛው ክፍል የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ወደ ስቱዲዮ ሲገባ የፒንክ ፍሎይድ ሙዚቃ እየተሰማ ነው፤ በሙዚቃው ውስጥ ውሾች ሲጮሁ ይሰማና ግራ ገብቶት ዲስክ ጆኪውን ይጠይቀዋል። ትንሽ ትዕይንት ናት፤ ግን በሁለት ትውልድ መካከል ያለውን ርቀት ከረጅም ንግግር በላይ ታሳያለች። ሙዚቃው ሲቀር ትዕይንቷም አብራ ተቆረጠች። ተዋንያኑ ዘፈን ከበስተጀርባ እየተሰማ በሚነጋገሩባቸው ቦታዎች ደግሞ ንግግሩን ከዘፈኑ መለየት ስላልተቻለ፣ በተለያዩ ጊዜያት በተሰራጩ ቅጂዎች ላይ የሌላ ሰው ድምፅ ተለጥፎባቸዋል። የዲቪዲው ሽፋን ግን «ሙሉው የመጀመሪያ ምዕራፍ» ይላል። ሙሉ!

ይህ ሁሉ ለምን ሆነ? አንድ ዘፈን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር ሲጣመር የሚከፈቱ ሁለት ቁልፎች አሉት። አንደኛው የድርሰቱ ነው፤ የዜማውና የግጥሙ ባለቤት ወይም የእነርሱ አሳታሚ የሚይዘው። ሁለተኛው የቅጂው ነው፤ ያንን የተወሰነ ድምፅ በሸክላ ያሳተመው ኩባንያ የሚይዘው። ከሁለቱ አንዱ እምቢ ካለ በሩ አይከፈትም። «ሜሪድ ዊዝ ችልድረን» የተባለውን ድራማ የሚያውቅ ሁሉ መግቢያውን በፍራንክ ሲናትራ ድምፅ ነው የሚያስታውሰው። ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ የወጡትን ዲቪዲዎች የገዛ ግን ሲናትራን አላገኘም፤ በምትኩ ምንም የማያስታውሰው ሙዚቃ ተቀበለው።

በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የተፈረሙት ውሎች ለቴሌቪዥን ስርጭት፣ ያውም ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ የሚያገለግሉ ነበሩ። ሰው ድራማ ገዝቶ በመደርደሪያው ያኖራል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በ1988 አንድ የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት «ሚዲየም ኩል» በተባለው የ1969 ፊልም ምክንያት በቀረበለት ክርክር፣ በቴሌቪዥን ለማሳየት የተሰጠ የዘፈን ፈቃድ የቤት ቪዲዮ ካሴትን አይጨምርም ሲል ወሰነ። ውሉ ሲፈረም ያልታወቀ ነገር በውሉ ውስጥ አለ ሊባል አይችልም ነው ነገሩ። በሕግ ዓይን ብናየው ውሳኔው አያስወቅስም። ውጤቱ ግን የድሮ ድራማ ባለቤት ሁሉ እያንዳንዱን ዘፈን እንደ አዲስ ተደራድሮ እንዲገዛ አስገደደ።

ድርድሩም የዋዛ አይደለም። በዚህ ንግድ ውስጥ ባለመብቶች ብዙ ጊዜ በውላቸው የሚያስገቡት አንድ አንቀጽ አለ፤ ለሌላው ባለመብት ከእኔ የበለጠ ከከፈልክ ለእኔም ያንኑ ትከፍላለህ የሚል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። አሁን ግን «ዘ ወንደር ይርስ» የተባለውን ድራማ እንውሰድ። ከ1988 እስከ 1993 የታየ፣ የአንድን ልጅ አስተዳደግ በዘመኑ ዘፈኖች የተረከ፣ ከ300 በላይ ዘፈኖች የገቡበት ሥራ ነው። ከእነዚህ መካከል አንዱ ባለመብት ዋጋውን ቢሰቅል የሌሎቹም አብሮ ይሰቀላል። አንድ ግትር የመንደሩን ገበያ ያስወድዳል ማለት ነው። ይህ ድራማ አብዛኞቹን ዘፈኖቹን ይዞ በዲቪዲ የወጣው በ2014 ነበር፤ ካበቃ ከ21 ዓመት በኋላ። በዚያው ዓመት ያ የራዲዮ ጣቢያ ድራማም አብዛኞቹ ዘፈኖቹ ተመልሰውለት በሌላ አሳታሚ ወጣ። እንግዲህ የሚቻል ነገር ነበር ማለት ነው፤ ፍላጎትና ትዕግሥት ያለው አሳታሚ እስኪገኝ ድረስ ነው ስንት ዓመት የባከነው።

«የቀልድ ድራማ ዘፈኑ ቢቀየር ምን ይጎዳል?» የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለእርሱ ከቀልድ የራቀውን ልንገረው። «አይስ ኦን ዘ ፕራይዝ» የጥቁር አሜሪካውያንን የመብት ትግል የሚተርክ፣ ሄንሪ ሃምፕተን ያዘጋጀው 14 ክፍሎች ያሉት የቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 በ1987፣ የቀሩት 8 በ1990 ታዩ። ሕዝብ በእስር ቤትና በቤተ ክርስቲያን የዘመረው መዝሙር፣ በአውራ ጎዳና የተደበደበው ሰልፈኛ ምስል፣ ሁሉም በውስጡ አለ። አዘጋጁ ገንዘብ ስላጠረው የዘፈኖቹን፣ የዜና ፊልሞቹንና የፎቶግራፎቹን ፈቃድ የገዛው ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፈቃዶቹ ማብቃት ጀመሩ፤ ያን ጊዜ ፊልሙን በቴሌቪዥን ማሳየትም ሆነ አዲስ ካሴት አትሞ መሸጥ ቀረ። ሃምፕተን በ1998 ሲሞት ሥራው ተቆልፎ ነበር። ትምህርት ቤቶች የቀራቸው በቤተ መጻሕፍት ያረጀው ካሴት ብቻ ሆነ። በ2006 ዳግመኛ የታየው የፎርድ ፋውንዴሽን 600 ሺህ፣ አንድ ባለሀብት ደግሞ 250 ሺህ ዶላር ለፈቃድ ማደሻ ከለገሱ በኋላ ነው። አስቡት፤ የማርቲን ሉተር ኪንግ አገር የራሷን የትግል ታሪክ ለልጆቿ ለማሳየት ምጽዋት መለመን ነበረባት!

ሌላም አለ፤ ይኸኛው ፊልም እንጂ የቴሌቪዥን ድራማ አይደለም፤ ዳሩ ግን የበሽታው ዓይነት አንድ ነው። ቻርልስ በርኔት የኃይሌ ገሪማ የዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ነበር፤ «ቡሽ ማማ» በተባለው የኃይሌ ፊልም ላይም በካሜራ ባለሙያነት ሠርቷል። በርኔት በ1977 «ኪለር ኦፍ ሺፕ» የተባለውን የመመረቂያ ፊልሙን ከ10 ሺህ ዶላር ባነሰ ወጪ ሠራ። በ1990 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ፊልሙን የአገር ቅርስ ብሎ መዘገበው። ይሁንና እስከ 2007 ድረስ በሲኒማ ቤቶች በመደበኛነት አልታየም፤ በመደብርም አልተሸጠም። ምክንያቱ የዘፈኖቹ ፈቃድ ነው። ለዘፈኖቹ የተከፈለው 150 ሺህ ዶላር ነበር፤ ፊልሙን ለመሥራት ከወጣው ከ15 እጥፍ በላይ! አገር ቅርስ ብላ የመዘገበችውን ዜጋዋ እንዳያየው የሚከለክል ሥርዓት ምን ይባላል?

የሙዚቃ አሳታሚዎች መልስ የታወቀ ነው። ንብረታችን ነው፤ ዋጋውን የምንቆርጠው እኛ ነን፤ ያልተስማማው አይግዛ ይላሉ። መልካም፤ ግን ያልገዛው ምን ከፈላቸው? ዲቪዲው ካልታተመ ዘፋኙም፣ ዜማ ደራሲውም፣ አሳታሚው ራሱም የሚያገኙት ዜሮ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለእነዚህ ነው። በሌላ በኩል ሙዚቃ ከምስል ጋር መጓዙ ባለቤቱን እንዴት እንደሚጠቅም እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቃለን። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃዎች «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ሲያስገባ፣ ስለ ኢትዮ ጃዝ ሰምቶ የማያውቅ ስንቱ የውጭ ተመልካች ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ሸክላውን ፍለጋ ሄዷል።

ንብረት ነውና ገደብ የለውም የሚለውም ክርክር በራሳቸው አገር ሕግ ውድቅ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1909 ባወጣው የቅጂ መብት ሕግ፣ አንድ ዘፈን ባለቤቱ ፈቅዶ አንድ ጊዜ ከተቀረጸ በኋላ ማንም ሌላ ሰው በሕግ የተወሰነውን 2 ሳንቲም በየቅጂው እየከፈለ እንደገና እንዲቀርጸው ፈቅዷል። ይህን ያደረገው አንድ ትልቅ ኩባንያ በዘመኑ ለነበረው የመካኒካል ፒያኖ ሙዚቃውን ሁሉ ጠቅልሎ እንዳይዝ ሰግቶ ነው። ዋጋው ከጊዜ ጋር እያደገ ሥርዓቱ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ ዜማ ደራሲዎችም በዚህ የተነሣ በረሃብ አላለቁም። ታዲያ አንድ ጊዜ በፈቃድ ለገባና በሕዝብ ፊት ለታየ ዘፈን፣ ያው ድራማ ሳይለወጥ በዲቪዲ እንዲወጣ የተቆረጠ ዋጋ ማውጣት እንዴት ያቅታል?

ባለመብት ነኝ ባይ ሁሉ እውነተኛ ባለመብት አለመሆኑም ሊታወስ ይገባል። በልደት ቀን የሚዘመረውን የእንግሊዝኛ መዝሙር በፊልም ያስገባ ሁሉ ለዓመታት ለዋርነር ቻፕል ይከፍል ነበር። አንዲት ዘጋቢ ፊልም ሠሪ 1,500 ዶላር ክፈይ ተብላ፣ ከፍላም በ2013 ከሰሰች። በ2015 የሎስ አንጀለስ ፌዴራል ዳኛ ኩባንያው በግጥሙ ላይ ሕጋዊ መብት የለውም ሲሉ ፈረዱ፤ በ2016ም በ14 ሚሊዮን ዶላር ተስማምተው ጉዳዩ ተዘጋ። ያን ያህል ዘመን ስንቱ ፊልም ሠሪ መክፈል አቅቶት የልደት ትዕይንቱን ቆርጦ ጥሎ ይሆን?

«አሁን እኮ ሁሉም በኢንተርኔት ይታያል፤ የዲቪዲ ጣጣ አልፎበታል» የሚሉም አሉ። አላለፈም። «ዘ ወንደር ይርስ» በ2011 በኔትፍሊክስ ሲቀርብ የመግቢያው የጆ ኮከር ዘፈን በሌላ ሰው ድምፅ ተተክቶ ነበር። እንዲያውም የኢንተርኔቱ የባሰ ነው፤ በመደርደሪያዬ ያለው ዲስክ ቢያንስ ትናንት የነበረውን ዛሬም ያሳየኛል፤ ከሩቅ የሚላክልኝን ግን ላኪው በማግስቱ ሊቆርጠው፣ ሊቀይረው፣ ሊያነሳው ይችላል።

ስቱዲዮዎቹም ከወቀሳ አያመልጡም። አንድ አሳታሚ የታወቀ ልብ ወለድ እንደገና ሲያሳትም፣ በውስጡ ያሉትን ቅኔዎች አውጥቶ በሌላ ሰው ቅኔ ቢተካና በሽፋኑ ላይ ያንኑ የደራሲውን ስም ቢጽፍ፣ የአገሩ አንባቢ ዝም ይላል? አይልም። ድራማውን የሚሸጠው ኩባንያ ግን ይህንኑ አድርጎ ስለ ለውጡ ጥቂት ቃላት በደቃቅ ፊደል ይጽፋል፤ ያንንም የማይጽፍ አለ። የዛሬ ወጣት የተቀየረውን አይቶ አባቱ ያየው ይህን ነው ብሎ ያምናል።

የእኛስ ቤት? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም 50 ዓመት የተጠበቀ ነው። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ዛሬ በየቴሌቪዥን ጣቢያው የሚታዩት ተከታታይ ድራማዎች የሰውን ዘፈን የሚያስገቡ ከሆነ፣ ፈቃዱ ለስንት ዓመት፣ በየትኛው ማሰራጫ ተብሎ ነው የሚጻፈው? «አይዞህ፣ ቀጥል» በሚል የቃል ስምምነት የተሠራ ድራማ ከ20 ዓመት በኋላ የባለመብቱ ወራሾች ሲመጡ ምን ይመልሳል? አሜሪካኖቹ ያልታወቀ ነገር ስለመጣባቸው ነው የወደቁት፤ እኛ የእነርሱን ውድቀት እያየን ብንወድቅ ሰበብ የለንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በፈቃድ ታይቶ ለነበረ ሥራ፣ ሳይቆረጥና ሳይለወጥ እንደገና እንዲወጣ፣ ሕግ የተመጠነ ዋጋ ይቁረጥለት፤ ገንዘቡም በቀጥታ ለድምፃዊውና ለደራሲው ይድረስ። ሙዚቃው የተቀየረበት ድራማ ሁሉ በሽፋኑ ፊት፣ ዓይን በሚያየው ፊደል፣ «ተቀይሯል» ይባልበት። የእኛ ድራማ ሠሪዎችና ሙዚቀኞች ደግሞ ዛሬውኑ ውላቸውን በጽሑፍ ያድርጉ፤ በዛሬው ማሰራጫ ብቻ ሳይወሰን ገና በሚመጣውም ላይ ሥራው እንዲታይ፣ በታየ ቁጥርም ለሙዚቀኛው ድርሻው እንዲከፈል ይስማሙ።