ፎሊክ አሲድ መጀመር ያለበት ከእርግዝና በፊት ነው

የዛሬው ጽሑፍ በተለይ ልጅ ለመውለድ ለምታስቡ ባልና ሚስት ነው።

በደባርቅም በዳባትም እናቶች ለእርግዝና ክትትል ሲመጡ አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለበት ኪኒን ይሰጣቸዋል። ለደም ማነስ ይጠቅማልና መውሰዳችሁን አታቋርጡ። ችግሩ ብዙዎቹ እናቶች የሚመጡት ሆዳቸው ገፋ ሲል መሆኑ ነው። ያኔ ደግሞ ፎሊክ አሲድ ከሚሠራቸው ሥራዎች ትልቁ አልፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ሥራ የሚያከናውኑት ኢንዛይም የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ብዙዎቹ ታዲያ ያለ ረዳት አይሠሩም፤ ረዳቱ ኮኤንዛይም ይባላል። የቢ ቫይታሚኖች ዋና ጥቅማቸውም ይኸው ነው። ፎሌት (ቫይታሚን ቢ9) ሰውነት ውስጥ ገብቶ ኮኤንዛይም ሲሆን ሥራው እንደ ስሜን ተራራ የጭነት በቅሎ ነው፦ ጥቃቅን የካርቦን ቁራጮችን ተሸክሞ ለኢንዛይሙ ያደርሳል፣ ያራግፋል፣ ተመልሶ ይጭናል። ኢንዛይሞቹ በዚያ ጭነት ዲኤንኤ ይሠራሉ። በቅሎው ከጠፋ ግንበኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሴሎቹን የሚያባዛው በጥድፊያ ነው። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። በዚያ ቀን እናትየዋ የወር አበባዋ ከዘገየ ገና ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ማርገዟን ላታውቅም ትችላለች። ቱቦው ከታች ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ እግሩ ሊሰንፍ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ሊያቅተው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ውኃ ሊጠራቀም ይችላል። ከላይ ካልተዘጋ ግን ልጁ አይተርፍም። እርግማንም የሰው ዓይንም አይደለም፤ እናትንም ማማት ነውር ነው።

ይህ የሩቅ አገር በሽታ እንዳይመስላችሁ። ጎረቤታችን ትግራይ ውስጥ በሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ከ10,000 ወሊድ 131 ላይ አግኝቶታል። እ.ኤ.አ. በ1991 በእንግሊዝ መሪነት በተለያዩ አገሮች የተካሄደ ጥናት ደግሞ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፅንስ የገጠማቸው እናቶች ቀድመው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

«ጾሙ ነው ያጎደለብን» የሚሉኝ አሉ። በፎሌት በኩል እንኳ ጾሙ አይወቀስም፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ጥሩ የፎሌት ምንጮች ናቸው። ነገር ግን ብዙ ሲቀቀል ፎሌቱ ይቀንሳል፤ ለዚህ ጉዳይ ምግብ ብቻውን አይበቃም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል። ለከተማ ጥሩ ነው። የእኛ ገበሬ ግን ገብሱንም ስንዴውንም ከጎተራው አውጥቶ የሰፈር ወፍጮ ቤት ነው የሚያስፈጨው፤ የፋብሪካ ዱቄት መች ይደርሰዋል? ጨው ግን ሁሉም ይገዛል። አዮዲን በጨው የሚሰጠን ለዚሁ ነው፤ ፎሊክ አሲድም ይጨመርበት የሚለውን ሐሳብ እደግፋለሁ።

እስከዚያው ግን ኪኒኑ ከክትትል ክፍል ወጥቶ ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል መድረስ አለበት ባይ ነኝ። ክንዷ ላይ ያለውን ኢምፕላንት ለማስወጣት የመጣች ሴት ልጅ ልትወልድ አስባ ይሆናል። ለምን ባዶ እጇን ትመለሳለች? የጥር ሙሽሮችም እንዲሁ። እህቶቼ፣ ካልተሰጣችሁ ጠይቁ፦ በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ ከማርገዝ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ወር መጨረሻ።

ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ወይም ፅንስ የገጠማችሁና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ከማርገዛችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ የሚታዘዝላችሁ መጠን ከፍ ሊል ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቁሙ። መጠኑን ለማሟላት ብላችሁም አይረን ያለበትን ኪኒን ደራርባችሁ አትዋጡ፤ አይረን ሲበዛ ይመርዛል።