ስለ ጉልበት ሎሚ

በቤታችን ያለችው ትንሽ ውሻ ስትሮጥ ድንገት አንድ የኋላ እግሯን አንሥታ በሦስት ትዘላለች፤ ጥቂት ቆይታም እግሯን ዘርግታ እንደ ቀድሞው ትሮጣለች። ልጆች ይሥቁባታል፤ እኛም ሥቀን ነበር። ነገሩ ግን የጉልበት ሎሚ መንሸራተት ነው። ይህ ትንሽ አጥንት በጭን ጅማት ውስጥ ተሸሽጎ፥ ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ በጭን አጥንት ጫፍ ባለው ቦይ ይመላለሳል፤ ቦዩ ካልጎደጎደ ከመንገዱ ይወጣል። በትናንሽ ውሾች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ፥ በሰው ግን ወደ ውጭ ነው፤ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባሉ ልጆችም ይበዛል። ባለፈው ክረምት ልጃችን እግሩን ተክሎ ሲዞር እንዲሁ ሆነ። እኛም ሎሚው ተመልሶ መግባቱን አይተን በወጌሻ አሳሸነው፤ ሌሊቱን ሲጮኽ አደረ። አጥንቱ ሲወጣና ሲገባ ስባሪ ሊቀር ይችላልና፥ ጉልበቱን በእንጨት ደግፈን በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ልንወስደው ይገባን ነበር።